የባለቀበቶው ጥይት

ሰውየውን መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚጠራቸው «ባለቀበቶው» ብሎ ነበር። ስሙ የወጣላቸው በሱሪያቸው ቀበቶ ሳይሆን በሚወዱት ጥይት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጥብቁ ደን ጠባቂ ሆነው ሲሠሩ የያዙት ጠመንጃ የሚጎርሰው ማግነም ከሚባሉት የጥይት ዘሮች አንጋፋውን ነበር። ረጅም፣ ወደ አፉ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ከበስተቂጡ ደግሞ እንደ ቀበቶ የዞረ ወፍራም የናስ ቀለበት ያለው ጥይት ነው። አዲስ ተቀጣሪ በመጣ ቁጥር ከኪሳቸው አንዱን አውጥተው «ይኼ ቀበቶ ለጌጥ እንዳይመስልህ» ብለው ይጀምራሉ። ከጀመሩ ደግሞ ማን ያስቆማቸዋል? ወሬውን በቃላቸው የሚያውቁት ነባሮቹ አንድ በአንድ ሹልክ ይላሉ፤ አዲሱ ሰውዬ ብቻ ደጅ እንደሚጠና ሰው ቆሞ ይቀራል።

ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ስለ ጥይት ማውራት ተዉ። ያኔ ጡረታ ወጥተዋል።

ልጁ የአባቱን ሥራ የወረሰ ጠባቂ ነበር። ካቻምና በበጋ፣ ወጥመድ እግሩን የቆረጠው ኮርማ ጎሽ ከደኑ ወጥቶ እንጨት ለቃሚዎችን እየወጋ አላስወጣ አላስገባ ሲል፣ ያንኑ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ዱካውን ተከተለ። በዚያው መሥሪያ ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቱ ከኋላው ነበረች። ጎሹ ከቁጥቋጦ ውስጥ ገንፍሎ ሲወጣ ልጁ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ጠመንጃው አልጮኸም። ያልጮኸውን ጥይት አውጥቶ ሌላ ለማቀባበል እጁን ሰነዘረ፤ አልደረሰም። እህቱ በያዘችው ቀላል ጠመንጃ ደጋግማ ተኩሳ ጎሹን ስትጥለው ወንድሟ ከሥሩ ነበር። ያ ጥይት በኮቴ በታረሰው አፈር ውስጥ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም፤ ተፈልጎ አልተገኘም።

መሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ስለዚያ ጠመንጃ ከማንም የበለጠ የሚያውቁት አባትየው ናቸውና፣ ሐዘናቸው ገና ሳይበርድ ተጠርተው ተጠየቁ። እህትየዋ ቀድማ ቃሏን ሰጥታለች። «ጠቅ ሲል ሰምቻለሁ። የጠመንጃው መርፌ መትቷል፤ ጥይቱ ነው የከሸፈው» ብላ ነበር። ባለቀበቶው ግን አንገታቸውን ደፍተው «ይኼ ጥይት ዕድሜ ልኬን ከሽፎብኝ አያውቅም። ልጄ ደንግጦ በደንብ አላቀባበለም» አሉ። ያሉትን አምነውበት ነው ያሉት። ኮሚቴውም የአዋቂውን ቃል ወሰደና ነገሩ የአያያዝ ስህተት ተብሎ ተዘጋ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሚስታቸው ከእሳቸው ጋር የሚነጋገሩት ስለ ውኃ መጥፋትና ስለ በር ቁልፍ ብቻ ሆነ።

*

የጥብቁ ደን ኃላፊ ወደ ቤታቸው የመጣው ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት ከሰዓት ላይ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት የሚያየው የጎረቤትን ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ በቀንም መብራት ይበራል። እናቲቱ ከመብራቱ ሥር በስፌት መኪናቸው የተማሪ የደንብ ልብስ ይሰፋሉ። ኃላፊው ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ገባ፣ የቀረበለትን ወንበር ይዞ ስለ ጤና ስለ ኑሮ ከጠየቀ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ጋሼ፣ አዳዲስ ጠመንጃዎች እንድንገዛ ሐሳብ ቀርቦልናል። ጥይታቸው ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ እንደ ልብም ይገኛል። የድሮዎቹ ይወገዱ የሚል አለ፣ አይወገዱ የሚልም አለ። ሐሙስ የድንጋይ ካባው ጋ ሁለቱንም ተኩሰን ልናያቸው ነው። ያለ እርስዎ ምስክርነት መወሰን ደግሞ አልፈለግኩም።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ውሰደው» አሉ እናቲቱ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ። «መመስከርስ ይችልበታል።»

ኃላፊው የሚገባበት ጠፋው። ባለቀበቶው ግን ያልሰሙ መስለው «እመጣለሁ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያልነበረ ጉጉት ነበር፤ ኃላፊው ልብ አላለውም፣ ሚስታቸው ግን ልብ አሉት። መኪናው እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከቅድሙ ይልቅ ፈጠን ብሎ።

ማታ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ነበር። ጫማዋን እየፈታች «አባዬ፣ ባትሄድስ?» አለች።

«ለምን አልሄድም?»

«እንዲያው።»

«እንዲያው የሚባል መልስ የለም። ጠመንጃዎቹን ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጧቸው ነው እኮ። ነገ አንቺን ራስሽን የሆነ አሻንጉሊት አስይዘው ጎሽ ላይ ቢልኩሽ ይሻልሻል?»

ጫማዋን ከወንድሟ ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው። የእሱን ጫማ ከዚያ ቦታ ያነሣው ሰው አልነበረም።

*

በማግሥቱ ባለቀበቶው ወደ ጠመንጃ ጠጋኙ ሱቅ ሄዱ። ጠጋኙ በዕድሜ ከእሳቸው ያንሳል፤ የመሥሪያ ቤቱን ጠመንጃዎች ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው። ሱቁ ከአንድ ጎማ ቤትና ከአንድ ጸጉር አስተካካይ መሀል የተወተፈች ክፍል ስትሆን ሁሌም ዘይት ዘይት ትሸታለች። ከጠረጴዛው ጥግ የታሰረ ጉጠት አለ፤ ግድግዳው ላይ ሞረዶች በየመጠናቸው ተደርድረዋል። ጠጋኙ አዲሱንና የድሮውን ጥይት ጎን ለጎን በቂጣቸው አቁሞ ጠበቃቸው። አዲሱ አጠር ብሎ ትከሻው ሰፊ ነው። የድሮው ዘንካታ ነው።

«በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ፍርድ ቤቱ ተሰይሟል» አለ ጠጋኙ። «እኔ ለአዲሱ ጠበቃ ልሁን። ይፈጥናል። ሩቅ ሲሄድ አይወርድም፤ እዚያ ማዶ ያለውን ነገር ልክ እዚህ እንዳለ አድርገው ነው የሚያነጣጥሩት። ትከሻ አይሰብርም። ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ስትተኩስበት ብትውል ማታ ክንዷን አንሥታ ጸጉሯን ታበጥራለች። በእርስዎው ግን አንድ ሰው ዐሥር ጊዜ ከተኮሰ በነጋታው ኮቱን የሚያለብሰው ሰው ይፈልጋል።»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም። ቀበቶውም ቢሆን ያለፈበት ነገር ነው። አዲሶቹ ያለ ቀበቶ ይሠራሉ።»

ባለቀበቶው ሳቅ አሉ። ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና የድሮውን ጥይት አነሡ። «ይኼውልህ፣ ይኼኛው ትከሻ የለውም፤ ሸርተቴ ነው። ሸርተቴ በመሆኑ ጠመንጃው ውስጥ ሲገባ የሚይዘው ስለሌለ ቀበቶው ያዘው። ለምን ሸርተቴ አደረጉት? ሰው በደነገጠ ጊዜ፣ እጁ በላበ ጊዜ፣ ጠመንጃው አቧራ በቃመ ጊዜ ሳይቀረቀር ተንሸራቶ እንዲገባ ነው። ያንተ ባለ ትከሻ ግን አንድ ቀን በር ላይ ይቆምብሃል። ደግሞ አዲሱ እንደ ወሬኛ ነው፤ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ሲደርስ ይበተናል። የድሮው እንደ አማት ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እገባለሁ ካለ ግን የትኛውም በር አይመልሰውም።»

ጠጋኙ ከልቡ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ፊቱ ቀስ እያለ ከበድ አለ። ጥይቱን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ መብራቱ አዞረው።

«እኔ የጥይቱን ዘር አልጠላም፣ ጋሼ። የምፈራው ዕድሜውን ነው። እነዚያ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያሉት ስንት ዘመናቸው ነው?»

ሳጥኑን ሁለቱም ያውቁታል። ባለቀበቶው በሥራ ላይ ሳሉ፣ ጥይቱን መጀመሪያ ይሠራ የነበረው ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል የመጣውን የመጨረሻውን ዕቃ ለብቻው ለይተው በመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ ሥር፣ መደርደሪያው ጫፍ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ኋላ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሲመጣ እሱን ለልምምድ አደረጉት። «የኋለኛው ለልምምድ፣ የፊተኛው ለቁም ነገር» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ግምጃ ቤቱ አይዘጋባቸውም ነበርና፣ ልጃቸው ጎሹን ሊከተል የሄደ ዕለት ከዚያ ሳጥን መርጠው የሰጡት እሳቸው ናቸው።

«ጥይት እንደ ወተት አይቆጣም» አሉ።

«በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በዚያ ሁሉ በጋ?»

«አይቆጣም አልኩህ።»

ጠጋኙ ነገሩን አልገፋበትም። ሰውየው ምን እንደተሸከሙ ያውቃል፤ ሸክም የያዘን ሰው ደግሞ አይገፉም። ጥይቶቹን ወደ መሳቢያው መለሳቸውና «እንግዲህ ካባው ይፍረደን» አለ።

*

የድንጋይ ካባው ከከተማው ዳር ነው። ድንጋይ ማውጣት ከተቋረጠ ስለቆየ ከሥሩ ውኃ አቁሯል፤ ዙሪያው ግራጫ ገደል ነው። ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰማዩ ግን እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ኃላፊው፣ ጠጋኙ፣ ልጅቷና ባለቀበቶው በአንድ መኪና መጡ። ጠጋኙ ውኃ ውስጥ ያሳደረውን የጋዜጣ ክምር በሳጥን አድርጎ አቆመ። ከፊት ለፊቱም ከሥጋ ቤት ያመጣውን የበሬ ጭን አጥንት በሽቦ አሰረ። ከካባው ማዶ ደግሞ አንድ የብረት ሳህን ሰቀለ።

መጀመሪያ ልጅቷ በአዲሱ ማዶ ያለውን ሳህን መታችው። በተኮሰች ቁጥር ሳህኑ ይጮኻል። በድሮው ሲሞከር ግን አረሩ ከሳህኑ በታች አፈር አቦነነ፤ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር አስፈለገ። «ለሩቅ አዲሱ ረቷል» አሉ ባለቀበቶው ራሳቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። «እውነት ነው፤ አልክድም።»

ከዚያ ወደ አጥንቱ ዞሩ። የአዲሱ አረር አጥንቱን ሰባበረው፤ ጠጋኙ ጋዜጦቹን ሲገላልጥ ግን ከላይኞቹ ሳያልፍ ፍርፋሪ ሆኖ ቀርቷል። ባለቀበቶው በድሮው ጠመንጃ ራሳቸው ተኮሱ። ድምፁ ከገደል ገደል ተላተመ፤ ትከሻቸው ወደ ኋላ ሄደ። አረሩ አጥንቱን ሰብሮ፣ ክምሩን በሙሉ አልፎ፣ የሳጥኑን ጀርባ በስቶ ከገደሉ ሥር ገብቷል። ጠጋኙ ጣቱን በቀዳዳው አስገብቶ በወዲያ በኩል ሲያወዛውዝ ኃላፊው እንኳ ሳቀ።

«አያችሁ?» አሉ ባለቀበቶው። ጉንጫቸው ቀልቷል። «ቆስሎ ቁጥቋጦ የገባን ጎሽ በሩቅ የሚያገኘው የለም። የምታገኘው አፍንጫህ ሥር ነው። እዚያ የሚያዋጣህ ፈጣኑ አይደለም፤ ትከሻውን ሰብሮ ልቡ ድረስ የሚዘልቀው ነው። ይኼ ደግሞ ለልምምድ የምናደርገው ነው። ቆይ ዋናውን ላሳያችሁ።»

ከግምጃ ቤቱ አስጭነውት የመጡትን የቆርቆሮ ሳጥን ከመኪናው ውስጥ አወጡ።

«አባዬ፣ ይበቃል» አለች ልጅቷ።

«አንድ ብቻ።»

ጥይቱን በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው አጎረሱት። አቀባበሉ። አነጣጥረው ሳቡ።

ጠቅ።

ትንሽ ድምፅ ናት። ግን ካባው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት። ልጅቷ ፊቷን አዙራ መዳፏን በመኪናው ላይ አሳረፈች።

ባለቀበቶው አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሡ ቆሙ። የከሸፈ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል ቶሎ እንደማይከፈት ለስንቱ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው። ምንም አልሆነም። ከፈቱት። ጥይቱ መዳፋቸው ላይ ወደቀ፤ ቂጡ ላይ መርፌው የመታበት ጉድጓድ ጥልቅና ንጹሕ ነበር። ጠጋኙ ቀረብ ብሎ አየው።

«መርፌው በደንብ መትቶታል፣ ጋሼ።»

«አንድ ጥይት ነው» አሉ። «አንድ አይጠፋም።»

ሌላ አጎረሱ። በዚህኛው ጊዜ እጃቸውን እያዩ ነበር ያቀባበሉት፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያስገባ ሰው። ሳቡ። ጠቅ። ሦስተኛው ጮኸ፤ ግን ቢጮኽም ድምፁ የታፈነ ነበር፣ አረሩም ከአጥንቱ ሳይደርስ አፈር መታ። አራተኛውም ከሸፈ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው ድንጋይ ላይ አጋደሙትና እሳቸውም ከአጠገቡ ተቀመጡ።

«ሳቀባብል አይተኸኛል?» ብለው ጠጋኙን ጠየቁት።

«አይቻለሁ።»

«በደንብ ነው?»

«በደንብ ነው፣ ጋሼ።»

ባለቀበቶው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሯት፤ መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«ያን ቀን የሰማሽው ይኼንን ነው?»

«ይኼንኑ ነው፣ አባዬ።»

«ነግሬህ ነበር» አላለችም። ብትላቸው ምናልባት ይቀላቸው ነበር። ጎንበስ ብላ ጠመንጃውን ከድንጋዩ ላይ አነሣችና እርጥበት እንዳይነካው በጨርቅ ጠቀለለችው።

ኃላፊው ጠጋ አለ። «እና… ስለ ጥይቱ ምን ልበል?»

«ጥይቱ ጥሩ ነው» አሉ ባለቀበቶው። ጠዋት የነበረው ድምፃቸው የለም። «ስለ አጥንቱ ያልኩት አሁንም ልክ ነው። አዲስ የተሠራውን ግዙና ከጠመንጃዎቹ ጥቂቱን ለቆሰለ ጎሽ ያዙ፤ ለሌላው ፈጣኑ ይበቃል። ይኼንን ሳጥን ግን ዛሬውኑ አጥፉት። የልጄም ነገር ይታረም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ያስቀመጥኩትም የሰጠሁትም እኔ ነኝ።»

«ጋሼ፣ ያ ጉዳይ ተዘግቷል።»

«ክፈተው።»

«ከተከፈተ ግምጃ ቤቱን ማን ይቆጣጠር ነበር ይባላል፤ መሥሪያ ቤቱ ነው የሚጠየቀው። እሱን ደግሞ አንዴ ቀብረነዋል። የሞተን ሰው ወቀሳ አያመውም።»

«እናቱን ያማታል» አሉ።

ጠጋኙ ሽቦውን እየጠቀለለ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብሎ አጉረመረመ። ኃላፊው ሰምቶታል። ኋላ መኪና ውስጥ፣ ወደ ከተማ ሲቃረቡ፣ ሰኞ ጠባቂዎቹ ሲሰለፉ መጥተው በቃል መናገር ከፈለጉ እንደማይከለክላቸው ነገራቸው። ከዚያ ያለፈ ማድረግ አልቻለም፣ ወይም አልፈለገም።

*

እናቲቱ ቤት ነበሩ። ባለቀበቶው ኮታቸውን ሳያወልቁ በስፌት መኪናው ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ጥይቱ እንደከሸፈ፣ እንዴት እንደከሸፈ፣ እጃቸውን እያዩ እንዳቀባበሉ። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። እናቲቱ እስኪጨርሱ ድረስ አላቋረጧቸውም፤ እጃቸው ሊሰፉት ባዘጋጁት እጅጌ ላይ እንዳረፈ ነው።

«እኔ ጠመንጃ አላውቅም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄን ግን አውቀዋለሁ። በር ሁለቴ ሳይፈትሽ የማይተኛ ልጅ ነበር። የጋዙን መዝጊያ ዘግቼው እያለ ተመልሶ የሚያይ ልጅ ነበር። ይኼንን ልጅ ነው ‹አላቀባበለም› ያልከው?»

«ተሳስቻለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢለው ጉዳዬ አልነበረም። ‹ሰው ነው፣ አያውቀውም› ብዬ እተወው ነበር። አንተ አልከው። እኔና አንተ በምንተኛበት አልጋ ላይ ተኝተህ፣ ተነሥተህ፣ ታጥበህ ሄደህ አልከው።»

«አምኜበት ነው። የገደለው ጥይቱ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ያንን ማሰብ… አልቻልኩም ነበር።»

«እሱ ይችለዋል ብለህ ነው ለእሱ ያሸከምከው?»

ልጅቷ «እማዬ» አለች፤ እናቲቱ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። እጅጌውን ወደ መኪናው መርፌ አስጠግተው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ ባለቀበቶው በጠባቂዎቹ ሰልፍ ፊት ቆሙ። እንደ ድሮው ረጅም ንግግር አላደረጉም። «ልጄ ጠመንጃውን በደንብ አቀባብሎ ነበር። የከሸፈው እኔ የሰጠሁት ጥይት ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁበት፤ ሳላውቅ ነው፣ ግን ውሸት ነው» አሉ። ያን ወሬያቸውን ሸሽተው ሹልክ ይሉ ከነበሩት ነባሮች ዛሬ ከቦታው የተነቃነቀ የለም። አንዳንዱ ጫማውን ያያል። ሰልፉ ሲበተን አንድ ጎልማሳ ጠባቂ መጥቶ ልጃቸው ትናንት እንደሞተ ሁሉ «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው። ሳጥኑን ጠጋኙ ወስዶ አረሩን ከቀለሁ፣ ባሩዱን ከሁለቱም እየለየ አጠፋው። በመዝገብ የተጻፈው ግን እስከ ዛሬ እንደተጻፈ ነው።

እናቲቱ የጀመሩትን የተማሪዎች ልብስ ጨርሰው ለባለቤቱ ካስረከቡ በኋላ የስፌት መኪናቸውን አስጭነው ወደ ታላቅ እህታቸው ከተማ ሄዱ። ጠብ አልነበረም። «ትንሽ እህቴ ጋ ልሁን» ነው ያሉት። ትንሹ ወራት ሆነ።

መሥሪያ ቤቱ ከድሮዎቹ ጠመንጃዎች ጥቂቱን አስቀርቶ አዲስ የተሠራ ጥይት ገዛ። ለቆሰለ ጎሽ ከሚላኩት አንዷ ልጅቷ ሆነች። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ገብታ መጥረጊያውን አነሣችና እንደ ጠመንጃ በትከሻዋ ላይ አድርጋ አባቷ ፊት ቆመች።

«ርግጫው እንዳይጥለኝ ምን ላድርግ?»

ባለቀበቶው ከወንበራቸው ተነሡ። ክርኗን ዝቅ አደረጉት፣ የግራ እግሯን ወደ ፊት አስኬዱት፣ ሰደፉን ከአጥንቱ አንሥተው ሥጋው ላይ አስያዟት። «አትሽሺው። ወደ እሱ ዘንበል በይ» አሉ። ስለ ቀበቶው፣ ስለ ሸርተቴው ምንም አላነሡም። እጃቸው ትከሻዋ ላይ ቆየ። «ጥይትሽን ግን ራስሽ ምረጪ። ማንም እንዳይመርጥልሽ፤ እኔም ብሆን።»

«እሺ አባዬ።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆሰለ ጎሽ ልትከተል የሄደች ቀን ባለቀበቶው ቤት መቀመጥ አልቻሉም። መናኸሪያ ሄደው ሚስታቸው ወዳሉበት ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተሳፋሪው ወርዶ ገፍቷል፤ እሳቸውም ወርደው ገፍተዋል። የእህትየዋን በር ሲያንኳኩ የከፈቱት ሚስታቸው ራሳቸው ናቸው። ጣታቸው ላይ መርፌ እንዳይወጋቸው የሚያጠልቁት ቆብ ነበር። ባላቸውን ከእግር እስከ ራስ፣ ሱሪያቸው ላይ ያለውን ጭቃ ሳይቀር አዩ።

«ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉ መጀመሪያ።

«ደኅና ነች። ጎሽ ተከትላ ሄዳለች፤ ከሌሎች ጋር ነች። ከሰዓት ወሬ ይደርሳል፤ ጠጋኙ እደውላለሁ ብሎኛል።»

እናቲቱ በበሩ መቃን ላይ ተደገፉ። ከውስጥ የእህትየዋ ሬዲዮ ይሰማል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ እናቲቱ። «እውነቱን ንገረኝ። ያን ቀን ጥይቶቹን ስትሰጠው ምን አለህ?»

ባለቀበቶው ይኼንን ጥያቄ አልጠበቁትም። አጎንብሰው አሰቡ።

«ሳቀብኝ» አሉ። «እንደ ዕንቁ ጠቅልዬ ነበር የሰጠሁት፤ በመሐረብ። ‹አባዬ፣ እነዚህን ለሠርጌ ብታስቀምጥልኝ ይሻል ነበር› አለኝ። ከዚያ ግን ኪሱ ከተታቸው። ቅር እንዳይለኝ ብሎ ነው መሰለኝ።»

እናቲቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የሳቅ ይሁን የለቅሶ ያልለየ ድምፅ ወጣቸው።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ነው፤ እንደሱ ነው የሚናገረው።»

«አዎ።»

«ሌላስ? ሌላ ምን አለ?»

ባለቀበቶው ከደጁ ላይ እንደቆሙ፣ ልጃቸው ያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ ያለውንና ያደረገውን የሚያስታውሱትን ሁሉ ይነግሯቸው ጀመር። ሚስታቸው «ግባ» አላሏቸውም። በሩንም አልዘጉባቸውም።